«ጓደኛዬ እዚያ ሲደርስ እኔ ለምን እዚህ ቀረሁ?»

ጥያቄ፦ «28 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ስቶር ኪፐር ነኝ። ደሴ አብሮኝ የተማረ ጓደኛ አለኝ። በትምህርት ሁልጊዜ እበልጠው ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ እኔ በጥሩ ውጤት ስመረቅ እሱ በስንት መከራ ነው የጨረሰው። ዛሬ እዚያው ደሴ ፒያሳ አካባቢ የሕንፃ መሣሪያ መደብርና ሁለት አይሱዙ አለው። እኔ የቤት ኪራይ ከከፈልኩ በኋላ ወሩን መጨረስ ያቅተኛል። እሱ መጀመሪያ ልባሽ ጨርቅ ሞክሮ ከሰረ፣ ማርም ነግዶ አልሆነለትም። ኋላ አጎቱ ሱቁን ለቀቀለት፣ አንድ የሚያውቀው ሹፌር ደግሞ አዲስ አበባ ካለ አስመጪ ጋር አገናኝቶት ዕቃ በዱቤ አገኘ፤ ከዚያ ወዲያ ቀን ወጣለት። እኔ የስኬት መጻሕፍት አነባለሁ። ሌሊት 10 ሰዓት እነሳለሁ፤ የከሰዓት ፈረቃ ሲሆን ቤቴ የምገባው ማታ 5 ሰዓት ነው። 6,000 ብር ከፍዬ የስኬት ሥልጠና ወስጃለሁ፤ ሁለተኛው ዙር 25,000 ብር ነው ተብያለሁ። አሠልጣኙ ‹ደሞዝ የለመደ ሰው ሀብታም አይሆንም፣ ሥራህን ልቀቅ› ይለኛል። እናቴ ደግሞ ‹ሪዝቅ ከላይ ነው፣ አብሽር› ትለኛለች። በጣም የተሳካላቸው ሰዎች እኔ የሌለኝ ምን አላቸው? ሥራዬንስ ልልቀቅ?»

ምላሽ፦ ሁለተኛውን ዙር አትክፈል። ሥራህንም አሁን አትልቀቅ። መልሴ ይኸው ነው፤ የቀረው ምክንያቱ ነው። ምክንያቱን ካላወቅከው ግን ነገ ሌላ አሠልጣኝ በሌላ ዋጋ ይመጣብሃል።

መጀመሪያ ጥያቄህን እናስተካክለው። «የተሳካላቸው ሰዎች ምን አላቸው?» ስትል የምታየው ያሸነፉትን ብቻ ነው። የስኬት መጻሕፍትም አሠልጣኞችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ሀብታሙን ይጠይቁታል፤ በጠዋት እነሳለሁ ይላቸዋል፤ ምስጢሩ በጠዋት መነሳት ነው ተብሎ ይጻፋል። እስቲ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ደሴን አስባት። ዳቦ ቤቱ ሥራ ከጀመረ ቆይቷል። መናኸሪያ ረዳቶቹ ተሳፋሪ እየተጣሩ ነው። ከጦሳ ተራራ በኩል እንጨት የተሸከሙ እናቶች ለመንገድ እየተዘጋጁ ነው። በጠዋት መነሳት ሀብታም የሚያደርግ ቢሆን የከተማው ባለፎቆች እነዚህ ነበሩ። ማንም ግን እነሱን ጠይቆ መጽሐፍ አይጽፍም። አንድ ልማድ የስኬት ምክንያት ነው ለማለት፣ ያው ልማድ ኖሯቸው ያልተሳካላቸውንም መቁጠር ያስፈልጋል። ይህን ቆጠራ አሠልጣኝህ አልሠራውም።

ማታ 5 ሰዓት ገብተህ ሌሊት 10 ሰዓት ከተነሳህ ቢበዛ አምስት ሰዓት ነው የምትተኛው፤ ያውም እራት ሳትበላ። ለአዋቂ ሰው የሚመከረው ቢያንስ ሰባት ሰዓት ነው። እንቅልፍ የጎደለው ሰው ሒሳብ ይሳሳታል፣ በትንሽ ነገር ይናደዳል፣ የማይሆን ውሳኔም ይወስናል። የከሰዓት ፈረቃ በሚሆንበት ሳምንት ይህን ልማድ ዛሬውኑ ተወው።

ወደ ችሎታ እንምጣ። ውስጥህን የሚቆረቁርህ «እበልጠው ነበር» የሚለው ይመስለኛል። በትምህርት መብለጥና በኑሮ መብለጥ ዝምድና አላቸው፤ ሰው የሚያስበውን ያህል ግን አይቀራረቡም። ሉዊስ ተርማን የሚባል የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1921 አንድ ጥናት ጀመረ። በአእምሮ ፈተና እጅግ ላቅ ያሉ ከ1,500 በላይ ልጆች ተመረጡ፤ ጥናቱም እስከ እርጅናቸው ተከታተላቸው። ብዙዎቹ ጥሩ ተማሩ፣ ጥሩ ደሞዝ አገኙ። ኖቤል የተሸለመ ግን ከመካከላቸው አልወጣም። የሚገርመው፣ ያኔ ተፈትነው ነጥባቸው አልሞላም ተብለው ከቀሩት ልጆች ሁለቱ፣ ዊሊያም ሾክሊና ሉዊስ አልቫሬዝ፣ በፊዚክስ ኖቤል አገኙ፤ አንዱ እ.ኤ.አ. በ1956፣ ሌላው በ1968። ጉብዝና ደህና ኑሮ ላይ ለመድረስ በጣም ይረዳል። ማን ከሰው ሁሉ ተለይቶ እንደሚወጣ ግን አስቀድሞ አይናገርም። ደግሞ ፈተና ላይ ጥያቄውን ሌላ ሰው አውጥቶልህ አንተ መልሱን ትፈልጋለህ። ንግድ ላይ ጥያቄውንም ራስህ ነህ የምታወጣው። ጓደኛህ በዚህኛው ይበልጥህ ይሆናል፤ ትራንስክሪፕት ላይ አይታይም።

«10,000 ሰዓት የሠራ ሰው ጠቢብ ይሆናል» የሚለውንም ሳትሰማ አልቀረህም። ይህ አባባል የተወለደው አንደርስ ኤሪክሰንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1993 ካሳተሙት ጥናት ነው። በርሊን ውስጥ ቫዮሊን የሚማሩ ተማሪዎችን አጠኑ። ምርጦቹ 20 ዓመት እስኪሞላቸው ብቻቸውን የተለማመዱት በአማካይ ከ10,000 ሰዓት በላይ ነበር። አማካይ ነው፤ ከምርጦቹም መካከል ብዙዎቹ እዚያ ቁጥር ላይ አልደረሱም ነበር። ኤሪክሰን ራሱ «ሕግ» ተብሎ መወራቱን ተቃውሟል። ልምምድ ማለትም ሰዓት መቁጠር አልነበረም። ስህተትህን ወዲያው የሚነግርህ መምህር ባለበት፣ በምትደክምበት ቦታ ላይ ደጋግሞ መሥራት ማለት ነበር።

ለአንተ ግን የሚጠቅምህ ከዚህ በኋላ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 ብሩክ ማክናማራና ባልደረቦቿ እስከዚያ የተሠሩትን 88 ጥናቶች አንድ ላይ ፈተሹ። በሰዎች መካከል ካለው የውጤት ልዩነት ውስጥ ልምምድ የሚያስረዳው በቼዝና መሰል ጨዋታዎች 26 በመቶ፣ በሙዚቃ 21 በመቶ፣ በስፖርት 18 በመቶ ሆኖ ተገኘ። በትምህርት 4 በመቶ። በሥራ ሙያዎች ላይ ግን 1 በመቶ አይሞላም። ይህ ማለት ልፋት ዋጋ የለውም ማለት እንዳይመስልህ። ቼዝ ላይ ሕጉ አይቀየርም፤ ስትሳሳት እዚያው ትሸነፋለህ፣ ትማራለህ። የሲሚንቶ ዋጋ ግን አንተ ስትለማመድ ቆሞ አይጠብቅህም። ሕጉ በሚለዋወጥበት ሥራ ድግግሞሽ ብቻውን ሩቅ አያደርስም። እንግዲህ ሌሊት መነሳትህንና የስኬት መጻሕፍትህን አስባቸው፤ ማን ነው «ተሳስተሃል» የሚልህ?

ስፖርት ካነሳን አይቀር በቆጂን ተመልከት። አርሲ ውስጥ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባ ሁሉም ከእዚያ አካባቢ ናቸው። ሁሉም ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ አጥልቀዋል። የሩጫ ተሰጥኦ አንዲት ከተማ ላይ ብቻ አልዘነበም። ከፍታው አለ። ልጅነታቸው የሩጫ ነው። ልጆቹን እያየ የሚመርጥ ስንታየሁ እሸቱ የሚባል አሠልጣኝ ነበራቸው። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ስታሸንፍ ደግሞ ለታናናሾቿ «ለካ ይቻላል» የሚል ማስረጃ መጣላቸው። እነዚህ አትሌቶች ለፍተዋል፤ ማንም አይክድም። የእነሱን ያህል እግር ያላት፣ ግን ሯጭ የሚያይ ዓይን በሌለበት ቀበሌ የተወለደች ልጅ ግን ስሟን አንሰማውም።

ስለ ጽናትና ራስን ስለ መግዛት ባጭሩ ልለፍ። ጠቃሚ ናቸው። ሥራውን በሰዓቱ የሚጨርስ፣ ቃሉን የሚጠብቅ፣ ዕቃ የማያዝረከርክ ሰው በየትኛውም ሙያ የተሻለ ይሆናል። አዲስ ምስጢር ግን የለበትም፤ አያቶቻችን «ጨዋ ሠራተኛ» የሚሉት ነው። ለሕፃናት አንድ ጣፋጭ ሰጥቶ «ሳትበላ ከቆየኸኝ ሁለት እሰጥሃለሁ» የሚለውን ዝነኛ ሙከራ ሰምተህ ይሆናል። የታገሱት ልጆች ኋላ ተሳካላቸው ተብሎ ብዙ ተወራ። እ.ኤ.አ. በ2018 በብዙ ልጆች ላይ ሲደገም ውጤቱ በግማሽ ቀነሰ። የቤተሰቡ ኑሮና ትምህርት ሲታሰብ ደግሞ ከዚያም አነሰ። ቤቱ ምግብ የሚጠፋበት ልጅ ያገኘውን ቶሎ ቢበላ ብልህነት ነው እንጂ ድክመት አይባልም።

አሁን ዋናው ጉዳይ ላይ ደርሰናል፤ ዕድል። አሠልጣኞች ይህን ቃል አይወዱትም፤ አይሸጥማ። የእምነቱን ነገር ለእናትህ ልተውላትና እኔ የሚለካውን ብቻ ልንገርህ።

እ.ኤ.አ. በ2006 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩ ተመራማሪዎች፣ ማቲው ሳልጋኒክ፣ ፒተር ዶድስና ደንከን ዋትስ፣ አንድ የተዋጣለት ሙከራ አሳተሙ። ማንም የማያውቃቸው ባንዶች የሠሯቸውን 48 ዘፈኖች ኢንተርኔት ላይ አስቀመጡ። ከ14,000 በላይ ሰዎች ገብተው እያዳመጡ የወደዱትን አወረዱ። ሰዎቹ ሳያውቁት በተለያዩ ክፍሎች ተመድበው ነበር። በአንዱ ክፍል ሌላው ሰው ምን እንዳወረደ አይታይም። በስምንቱ ክፍሎች ግን እያንዳንዱ ዘፈን ስንት ጊዜ እንደወረደ ይታያል፤ የሚታየውም የዚያው ክፍል ሰዎች ያወረዱት ብቻ ነው። ዘፈኖቹ አንድ ናቸው፣ አድማጮቹም ተመሳሳይ ናቸው። ሆኖም በየክፍሉ የነገሠው ዘፈን የተለያየ ሆነ። የሌላው ምርጫ በማይታይበት ክፍል በተለካው ጥራት 26ኛ የነበረ አንድ ዘፈን በአንዱ ክፍል አንደኛ ወጣ፣ በሌላው 40ኛ ሆነ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት ሰዎች በአጋጣሚ ስላወረዱት ሌሎች አዩት፤ ስላዩት አወረዱት። እጅግ ጥሩዎቹ እምብዛም አልወደቁም፤ እጅግ መጥፎዎቹም እምብዛም አልነገሡም። በመካከል ላሉት ግን ምንም ሊሆን ይችል ነበር።

ይህን ውጤት ሁለት ጊዜ አንብበው። ጥራት ትርጉም አለው። ግን ደህና ጥራት ካላቸው ብዙዎች መካከል ማን ጣራ እንደሚነካ የሚወስነው የመጀመሪያዋ ትንሽ ግፊት ናት። ከዚያ በኋላ ያለው እየተጠራቀመ ይሄዳል። ሮበርት መርተን የሚባል የማኅበራዊ ሳይንስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1968 ለዚህ ስም ሲፈልግለት የማቴዎስን ወንጌል ነው የጠቀሰው፤ ላለው ሁሉ ይሰጠዋል የሚለውን። ደንበኛ ያለው ሱቅ ሌላ ደንበኛ ይጠራል። ዱቤ በሰዓቱ የከፈለ ነጋዴ ሌላ ዱቤ ያገኛል።

ከወሎ ምድር ከወጡት ሁሉ በሀብት የሚታወቁት ሼህ መሐመድ ሁሴን አላሙዲ ናቸው። አባታቸው የመናዊ፣ እናታቸው ኢትዮጵያዊት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1965 ወደ ሳውዲ ዐረቢያ ሄዱ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1973፣ የነዳጅ ዋጋ ተሰቀለና አገሩ በሙሉ ግንባታ ሆነ፤ እሳቸውም ሀብታቸውን የጀመሩት በግንባታና በሪል እስቴት ነው። ብልህና ሥራ ወዳድ ባይሆኑ ኖሮ አጋጣሚው አይጠቅማቸውም ነበር። ያው ብልህነት ይዘው ወልድያ ቢቀሩ ግን ዛሬ ምናልባት የሰፈሩ የታወቁ ነጋዴ ነበሩ፤ ያም ክብር ነው።

የዕድልን ሌላኛ ፊት ደግሞ እኛ አገር ማንም አያስተምረንም። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ዕቃውን ከሳምንት በፊት ሸጦ የጨረሰ ነጋዴ ነበር። ከሳምንት በፊት ተበድሮ መጋዘኑን የሞላም ነበር። ሁለቱም በጠዋት ተነስተዋል፣ ሁለቱም ሒሳብ ያውቃሉ። የአንዱ መጋዘን ተዘረፈ።

እንግዲህ ወደ ጓደኛህ እንመለስ። ምስጢሩን ከመጽሐፍ ትፈልጋለህ፤ ደብዳቤህ ውስጥ ግን እንደ ዋዛ ጥለኸው አልፈሃል። ልባሽ ጨርቅ ሞክሮ ከሰረ። ማር ነግዶ አልሆነለትም። ይህ ማለት ሦስት ጊዜ ዕጣ አውጥቷል፤ አንተ አንዴም አላወጣህም። ዋናው ነገር ደግሞ ሁለቱ ኪሳራዎች ከጨዋታ አላስወጡትም። ትንሽ ነበሩ፤ ከስሮም ሦስተኛውን መሞከር ቻለ። አሠልጣኝህ የሚመክርህ የዚህ ተቃራኒ ነው። ደሞዝህን ጥለህ፣ 25,000 ብርህን ከፍለህ፣ ያለህን ሁሉ በአንድ ዕጣ ላይ አውል ነው የሚልህ። አንዱ ሙከራ ካልሆነ በምን ትቀጥላለህ?

የአጎቱን ሱቅ አቃልለህ አትየው። ፒያሳ ላይ የሱቅ ኪራይ ምን እንደሆነ ታውቃለህ። ብዙ አዲስ ንግድ የሚሞተው ደንበኛ ሳይለምደው ኪራይ ስለሚበላው ነው። ጓደኛህ ይህን ጊዜ በዘመድ ተሻግሮታል። አንተ እንዲህ ያለ አጎት ከሌለህ የእሱን መንገድ በእሱ ፍጥነት መሄድ አትችልም። ይህን ማወቅ ከከንቱ ጸጸት ያድንሃል።

ከሁሉ የምወደው ግን ሹፌሩን ነው። ማርክ ግራኖቬተር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው ጥናት ቦስተን አጠገብ በሰው በኩል ሥራ ያገኙ ሰዎችን ጠየቀ። ያገናኛችሁን ሰው ምን ያህል ታገኙታላችሁ አላቸው። ቶሎ ቶሎ የሚያገኙት ከመቶ 17 የማይሞላ ነው። የሚበዙት አልፎ አልፎ ወይም ከስንት አንዴ የሚያገኙት ሰው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። የቅርብ ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። ሹፌሩ ግን አዲስ አበባ ያለውን አስመጪ፣ አፋር ያለውን ተቀባይ፣ ባቲ ሰኞ ገበያ የጠፋውን ዕቃ ያውቃል። አንተ ከፈረቃ መልስ በር ዘግተህ ስለ ስኬት ስታነብ፣ ጓደኛህ ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ሻይ ይጠጣ ነበር።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። አይሱዙዎቹን አይተሃል፤ የባንክ ዕዳውን አላየህም። ከሰው ጋር ስትወዳደር የራስህን ጓዳ ከሰው ሳሎን ጋር ነው የምታወዳድረው። ይህ ንጽጽር ወራት እየቆየ እንቅልፍ የሚነሳህ፣ ሥራ የሚያስጠላህ ከሆነ የስኬት ጥያቄ መሆኑ ቀርቷል፤ ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግር።

ሌላም ማስጠንቀቂያ። ከእንዲህ ዓይነት ሥልጠና በኋላ «ሰው አምጣ፣ ኮሚሽን ታገኛለህ» የሚል ነገር ከመጣ ያንኑ ቀን ውጣ። ገቢው ከዕቃ ሽያጭ ሳይሆን ከአዲስ ገቢ ሰው የሚመጣ ሥራ ፒራሚድ ነው፤ በሕጋችንም የተከለከለ ነው። ጉዳቱ ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም። የምታስገባቸው የአክስትህን ልጅና የዕድር ጎረቤትህን ነው።

ምን ታድርግ? በጣም ስኬታማ ትሆናለህ ወይ ብትለኝ ማንም ሊነግርህ አይችልም፤ እነግርሃለሁ የሚልህን አትመን። ከዛሬ የተሻለ ኑሮ ግን በጣም የሚቻል ነው። ጊዜህም አላለፈም። በአሜሪካ ከተመሠረቱ ድርጅቶች እጅግ በፍጥነት ያደጉት መሥራቾች ሥራውን ሲጀምሩ አማካይ ዕድሜያቸው 45 ነበር፤ 28 ላይ አልቆልኛል ማለት አታብዛ።

ያለህን ነገር እንይ። አንተ የስቶር ሥራ ታውቃለህ። ቢን ካርድ (የየዕቃው መመዝገቢያ ካርድ) መያዝ፣ የገባና የወጣ ማመሳከር፣ የትኛው ዕቃ እንደሚሄድና የትኛው አቧራ ጠጥቶ እንደሚቀር መለየት የየቀን ሥራህ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ስንት መደብሮች ሼልፋቸው ላይ ምን እንዳለ በትክክል ያውቃሉ? ባለቤቱ ያለውን ሚስማር እንደገና አዝዞ ገንዘቡን ያስራል፤ ደንበኛ የጠየቀው ማጠፊያ ግን ከጨረሰ ወር ሆኖታል። የደረጃ ሀ ግብር ከፋዮች ደግሞ የሒሳብ መዝገብ መያዝ ግዴታቸው ነው፤ የበጀት ዓመታቸውን ሰኔ 30 የሚዘጉት ያኔ ቆጠራ ይፈልጋሉ። አንተ ጎበዝ ነህ፣ ቁጥር ታውቃለህ፣ ሥራውን በእጅህ ይዘኸዋል። ይህን በዕረፍት ቀንህ ለሁለት ሦስት መደብር ሠርተህ ሞክረው። የሚያስፈልግህ ካፒታል ሞባይልና ደብተር ነው። ባይሆን የምታጣው ጥቂት እሁዶችን ነው። ቢሆን ደግሞ ክፍያውን ብቻ አታገኝም፤ የከተማውን ነጋዴዎች ዕቃ፣ አቅራቢና ችግር ከውስጥ ታውቃለህ። የሚቀጥለው ሐሳብህ የሚወጣው ከዚያ ነው። የመጀመሪያውን ቆጠራ ከጓደኛህ መደብር ጀምር፤ በነፃ ሥራለት። «እንዴት ተሳካልህ?» ብለህ ግን አትጠይቀው፤ እሱም እንደ ሀብታሞቹ ሁሉ ያማረውን ታሪክ ነው የሚነግርህ። ማሩ ላይ ምን እንደተበላሸ ጠይቀው።

ለሥልጠናው ያሰብከውን ገንዘብ በየወሩ በአቅምህ ዕቁብ ግባበት፤ የምታምናቸው ሰዎች ካሉበት ዕቁብ ብቻ። ዕቃ የሚገዛበት ሙከራ ውስጥ ስትገባ ቢጠፋ በሦስት ወር ደሞዝህ ከምትተካው በላይ አታውጣ። በቤተሰብ ቤትም ሆነ በእናትህ ንብረት አትበደር።

ሥራህን የምትለቀው የጎን ገቢህ ለስድስት ወር ሳይቋረጥ ደሞዝህን ሲያህልና የስድስት ወር ወጪህ በባንክ ሲቀመጥ ነው። ሁለቱም ሲሟሉ ልቀቅ፤ ያኔም አታመንታ። አንዱ ብቻ ሲሟላ ግን ፋብሪካው ውስጥ ቆይ፤ ፈረቃህንም ከተቻለ ወደ ጠዋት አስቀይር፣ ከሰዓቱ ለመደብሮቹ ይሆንሃል።